ያልተከፈተው የለቅሶ ማስታወቂያ

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተር ስለምነካ ብቻ መዝገቡ በእኔ ላይ ቀረ እንጂ ስለ ስልክ የተማርኩት ነገር የለም። ድሮ ለቅሶ ሲኖር ጡሩምባ ነፊያችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጣራል። አልሰማሁም የሚል ሰው አልነበረም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የእኛም ሰፈር ሰው ተበተነ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ግማሹ አባል አሁን ኮንዶሚኒየም ነው ያለው፤ አራብሳ የገባ አለ፣ ገላን የገባ አለ። የፒያሳ ጡሩምባ ደግሞ አራብሳ አይሰማም። ስለዚህ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። 86 ሰው ገባበት።

ግንቦት 2017 ላይ አንዲት እናታችን አረፉ። ልጆቻቸው ያሠሩትን ማስታወቂያ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ጥቁር ክፈፍ፣ ከላይ ፎቷቸው፣ ከሥር የቀብሩ ቦታና ሰዓት። ልብ በሉ፣ «ነገ 6 ሰዓት ዮሴፍ ቤተክርስቲያን» የሚለው ያለው ፎቶው ውስጥ ነው። እኔ ከሥሩ የጻፍኩት «ነፍስ ይማር» ብቻ ነበር። ሁለት ራይት አየሁ፤ በቃ ተነቧል ብዬ ተኛሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዞረ ሳለ ከእድሩ መሥራቾች አንዱ የሆኑ አባት ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ቀብሩ ላይ አልነበሩም። ከሟች ጋር አርባ ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። አጠገቤ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ እኔን ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ግሩፑ ላይ ለጥፌው ነበር እኮ።»

ስልካቸውን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። መልእክቱ አለ። ፎቶው ግን እንፋሎት የያዘው መስታወት ይመስላል፤ ቅርጹ እንኳ አይለይም። መሐሉ ላይ ክብ፣ ክቡ ውስጥ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት። ከሥሩ «ነፍስ ይማር»።

«የማን ነፍስ እንደሆነ በምን ልወቅ? ቀስቷን ብነካት ይበላሻል ብዬ ተውኳት» አሉኝ።

ያን ማታ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ስልክ ስሰበስብ አመሸሁ። ፎቶው ያልተከፈተለት፣ ጭራሽ ያልመጣለት፣ መጥቶ ድምፅ ያላሰማው፣ በድምሩ 11 ሰው ተገኘ። እኔ አንድ ችግር መስሎኝ «ኔትወርክ ነው» ልል ነበር። የአንዱ ጣጣ ከሌላው አይገናኝም። በእቁብም ሆነ በማኅበር ወይም በተማሪ ወላጆች ግሩፕ ውስጥ ላለ ሰው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ልጻፈው።

በመጀመሪያ ያረምኩት የራሴን ስህተት ነው፤ ራይት ማንበብ አላውቅም ነበር። ቴሌግራም ላይ ትንሽ የሰዓት ምልክት ካለ መልእክቱ ገና ከእኔ ስልክ አልወጣም። አንድ ራይት ከሆነ ሰርቨራቸው ጋ ደርሷል። ሁለት ሲሆን ተነቧል ማለት ነው። ግሩፕ ላይ ግን ሁለት ራይት ለመሆን አንድ ሰው ካየው ይበቃል! ከ86 ሰው አንዱ ሲያየው እኔ ሁሉም አየው ብዬ ስተኛ ኖሬአለሁ። ዋትሳፕ ሌላ ነው። እዚያ ሁለት ግራጫ ራይት ደረሰ፣ ሰማያዊ ሲሆን ተነበበ ነው፤ ግሩፕ ላይ ደግሞ ለሁሉም አባል ሳይደርስ ሁለት አይሆንም፣ ሁሉም ሳያነበው ሰማያዊ አይሆንም። ሁለቱን አፖች እያቀላቀልን ነው የምንጣላው።

አባላቱ ከ100 በታች በሆኑ የቴሌግራም ግሩፖች የላካችሁትን መልእክት ስትነኩ ማን ማን እንዳየው በስም ያወጣላችኋል፤ ዝርዝሩ ለ7 ቀን ይቆያል። እኔም ያን ማታ አየሁት። ጋሼ ስማቸው እዚያው አለ። መልእክቱን አይተውታል፤ ፎቶውን ግን አላዩትም። ቴሌግራም ይህን ለይቶ አይነግርም።

የእሳቸው ነገር ቀላል ሆነ። የልጅ ልጃቸው ፓኬጅ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ዘግቶባቸዋል። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ሲገባ በሞባይል ዳታ፣ በዋይፋይና በሮሚንግ ጊዜ ምን በራሱ ይውረድ የሚል ምርጫ አለ። ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል ለየብቻ ነው የሚከፈቱትና የሚዘጉት። ዳታ የሚጨርሰው ቪዲዮው ነው። ፎቶውን ከፍቼ ቪዲዮውን እንደተዘጋ ተውኩት። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ግን ለሽማግሌ ስልክ ሲያስተካክሉ ያደረጉትን መንገር ነበር። ከእሳቸው ሌላ አራት ሰው በዚሁ ምክንያት ነበር የቀረው።

ሁለት ሰዎች ደግሞ ፎቶውን ሲነኩት ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጨርስም። ጽሑፍ ግን ይገባላቸዋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ዳታዬ ይሠራል፣ የግሩፑ ችግር ነው» ይላል። ጽሑፍ በጣም ትንሽ ስለሆነ ኔትወርኩ ቢደክምም ሾልኮ ያልፋል፤ ፎቶ የዚያን መቶና ሺህ እጥፍ ነው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ፓኬጃቸው አልቆ በጭላንጭል ነበር የሚሠሩት። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ስልኩም ጥሩ፣ ፓኬጁም ሙሉ። ከላይ ጋሻ የመሰለች ምልክት አየሁበት። በ2015 ቴሌግራምን ጨምሮ አንዳንድ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለወራት ተገድበው በነበረ ጊዜ ያስገባው ነጻ ፕሮክሲ እስከ ዛሬ በርቶ ነበር። እገዳው ከተነሣ ስንት ጊዜው! መልእክቱ ሁሉ በማያውቀው ሰው ሰርቨር ዞሮ ነው የሚመጣለት። ከቻት ዝርዝሩ አናት ላይ ራሱ ያልገባበት ማስታወቂያ ቻናል ተለጥፎም ነበር፤ ፕሮክሲውን የሚያቀርቡት ሰዎች የሚጠቀሙት በዚህ ነው። ፕሮክሲውን ስናጠፋው ቻናሉም ሄደ፣ ፎቶውም ወዲያው ተከፈተ። ከዚያ ዘመን የተረፈ ቪፒኤን ያላችሁም እዩት።

አንዷ እህት ስልኳ ሞልቶ ነበር። «ስቶሬጅ የለም» እያለ በየቀኑ ይነግራታል፣ እሷ በየቀኑ ታጠፋዋለች፤ ማለቴ ማስጠንቀቂያውን። ቴሌግራም ውስጥ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብተን ካሹን፣ ማለትም አፑ ስልኩ ላይ ያጠራቀመውን፣ ስናጸዳ ብዙ ቦታ ተገኘ። ልቧ ደንግጦ «የልጄ የምርቃት ፎቶ!» አለች። አይጠፋም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተላከው ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ከስልክ ቢጸዳ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ይህን ግን ዋትሳፕ ላይ እንዳትሞክሩት። የዋትሳፕ ፎቶ ስልኩ ላይ ነው የሚኖረው፤ ካጠፋችሁት የላከው ሰው ካልደገመላችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። በዚህ የተነሣ የእናቷን የመጨረሻ ፎቶ ያጣች ሰው አውቃለሁ።

ባትሪ ቆጣቢ አብርተው መልእክት የሚመጣላቸው አፑን ሲከፍቱት ብቻ የሆነ ሁለት ሰዎችም ነበሩ። ለቴሌግራም ብቻ ቁጠባውን ማንሣት በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ከሁሉም ያስገረመኝ የእድራችን ዳኛ ነው። ወርሃዊ መዋጮ በስልክ ከከፈሉ በኋላ ደረሰኙን ስክሪንሹት አድርገው ግሩፑ ላይ መለጠፍ ልማዳችን ነው። እሳቸው ሦስት ወር ሙሉ «አንስቼዋለሁ፣ ግን ስልኩ ፎቶዬን ይውጠዋል» ይሉ ነበር። ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው የምትልከው የዋትሳፕ ፎቶም ቆሟል፤ አፑ ሲከፈት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይጽፋል። አነበብኩት። የስልክዎ ቀን ትክክል አይደለም፣ ያስተካክሉ ነው የሚለው። ቀኑን ከፍቼ ሳየው 2017 ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄን ዓመት ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። 2025 ይል ነበር፣ ተሳስቷል ብዬ አስተካከልኩት።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ምን ብዬ ልስቅ? 2017 ነበራ! ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የእኛን 2017 ስትሰጡት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼአለሁ ብሎ ያምናል። ኢንተርኔት ላይ ያለ አስተማማኝ ገጽ ሁሉ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የምስክር ወረቀት አለው፤ 2017 ውስጥ የሚኖር ስልክ ወረቀቱን ሲያየው ገና ያልደረሰ ቀን ስለሚያይበት አላምንህም ብሎ በሩን ይዘጋል። የተዋጡት ፎቶዎችም አልተዋጡም። ጋለሪ የሚደረድረው በቀን ነው፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። እሳቸው ዛሬ ያነሱት ሁሉ በ2017 ስም ተመዝግቦ ስልኩን በገዙበት ቀን ከተነሣው ፎቶ እንኳ በታች ይወርዳል። ጣቴ እስኪደክም ወደ ታች ሳብኩት። መጨረሻው ላይ፣ ከሁሉ ሥር፣ ሦስቱም ደረሰኞች ተሰልፈው ተቀምጠዋል።

ቀኑን በራሱ እንዲያስተካክል አድርጌ ሰጠኋቸው። በነጋታው ደወሉ። «አሁን ደግሞ ሰዓቱን አበላሸሽው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ይለኛል።» እውነት አላቸው፤ ብዙ ሰው በራሱ የሚስተካከለውን አጥፍቶ ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ግን እንዲህ ሲደረግ ስልኩ ይወናበዳል፤ ያነሣችሁት ፎቶም፣ አንዳንዴ የመልእክት ቅደም ተከተልም ይዛባል። መላው ከአንድ ደንበኛዬ የተማርኩት ነው። ቀንና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ይተውና የሰዓት ቀጠናው ብቻ በእጅ ይመረጣል፤ ቦነስ አይረስ። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ስልኩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ይላል፤ ውስጡ ግን ትክክለኛውን ጊዜ አልሳተም። ሰዓቱ ባለ 12 አቆጣጠር መሆን አለበት። ሰዓትና ቀጠናው ተለያይተው የማይመጡበት ስልክ ካላችሁ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን የሚያሳይ አፕ ከፊት ገጹ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ዳኛችን አሁንም ሰው ሲያገኙ «ስልኬ አርጀንቲና ነው የሚኖረው» ይላሉ።

ይህ ሁሉ የቴሌግራም ነው። 24 አባላት ግን ቴሌግራም የላቸውም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አሉ፣ ስማርት ስልክ ኖሯቸው ዳታ የማይሞሉም አሉ። ለእነሱ በጽሑፍ መልእክት ነበር የምልከው። 24ቱን ስም አንድ ላይ መርጬ፣ ጽፌ፣ ላክ። «በመላክ ላይ» ይልና እዚያው ይቀራል። አንዳንዴ ለጥቂቱ ሄዶ ለቀሪው ይቀራል። ባላንስ አለኝ፣ ለአንድ ሰው ስልክ ይሄዳል፣ ለብዙ ሲሆን እምቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ብዙ ሰው ሲመረጥለት ተራ የጽሑፍ መልእክት መሆኑን ትቶ ወደ ኤምኤምኤስ ሊቀይረው ይችላል፤ ሁሉም እርስ በርስ የሚተያዩበት የቡድን መልእክት ይሆናል ማለት ነው። ፎቶ ስታያይዙበትም ያው ነው። ኤምኤምኤስ ደግሞ እንደ ተራው መልእክት አይሄድም። የተላከው ኔትወርኩ ማዕከል ላይ ይቀመጣል፤ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው «መጥቶልሃል፣ ውሰድ» የሚል ጥሪ ብቻ ነው። ለመውሰድ የእሱ ስልክም ዳታ የበራ፣ የኤምኤምኤስ ሴቲንጉም በትክክል የገባ መሆን አለበት። ባለ ሁለት ሲም ከሆነ መልእክቱ በሚወጣበት በራሱ ሲም ላይ ነው ዳታ የሚያስፈልገው፤ በሌላኛው ሲም ፓኬጅ መሙላት አይጠቅምም። ዳታ ለማይሞላ ሰው ይህ መቼ ይሆናል?

መፍትሔው አንድ ቦታ መንካት ነበር። የመልእክት አፑ ሴቲንግ ውስጥ፣ «አድቫንስድ» ከሚለው ሥር፣ «ግሩፕ ሜሴጂንግ» አለ። ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ኤምኤምኤስ የሚለውን ትቼ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ኤስኤምኤስ ላክ የሚለውን መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ተንጠልጥሎ የቀረ የለም። መልስም ለእኔ ብቻ ይመጣል፤ የአንዱ ሐዘን ለሌላው አይበተንም።

እግረ መንገዴን ሌላም ተማርኩ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። መሐል አንዲት «ሀ» ከገባችበት እንኳ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ደግሞ እየተከፋፈለ ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። እኔ «በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን» ብዬ ጀምሬ 180 ፊደል ስጽፍ ለአንድ ሰው 3 መልእክት፣ ለ24 ሰው 72 መልእክት እከፍል ነበር። አሁን የምጽፈው ይህን ነው፦ ስም፣ «አርፈዋል። ቀብር ነገ 6 ሰዓት ዮሴፍ። ድንኳን ቤታቸው።» በአንድ መልእክት ያልቃል። ጡሩምባ ነፊያችንም ከዚህ በላይ ብሎ አያውቅም።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን የሚልኩትም እንዲሁ ነው። አይፎን ይዘው በራሱ በመልእክት አፑ የእኛን ቁጥር ጨምረው ግሩፕ ይሠራሉ፤ እርስ በርሳቸው ፎቶው ይደርሳቸዋል፣ እዚህ ግን ለማናችንም መጥቶ አያውቅም፤ የእኛ ቁጥር ሲገባበት ግሩፑ ኤምኤምኤስ ይሆናላ። «ላክንላችሁ እኮ» እያሉ ይቀየሙናል። በቴሌግራም ላኩ በሏቸው። እዚያም ቢሆን «ፋይል» አድርገው ከላኩት አይፎን የሚጠቀምበት ሄይክ የሚባል የፎቶ ዓይነት ስለሆነ አሮጌ ስልክ ላይ ላይከፈት ይችላል፤ «ፎቶ» ብለው ሲልኩት ይከፈታል። በተቃራኒው የስም ዝርዝር ወይም የሒሳብ ሠንጠረዥ ከሆነ ፎቶ ብሎ መላክ ያሳንሰውና ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ፋይሉ ይሻላል።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ሰባት ሰዎች «ፎቶ መላክ አቃተን፣ ምልክቷም ጠፋች» ብለው ሲያስቸግሩኝ ስልካቸውን ሁሉ አገላብጬ፣ አንዷንም አፑን አጥፍታ እንድትጭን አድርጌያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በበዓል ሰሞን የአበባና የ«እንደምን አደራችሁ» ፎቶ ሲያጥለቀልቀን ተናድጄ በአድሚንነቴ ከግሩፑ ፈቃድ ላይ ፎቶ መላክን ዘግቼ ረስቼዋለሁ። እንግዲህ አድሚን የሆናችሁ፣ የሰው ስልክ ከመንካታችሁ በፊት «ፐርሚሽን» የሚለውን የራሳችሁን ግሩፕ ገጽ እዩ። በቅርብ ጊዜ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ቴሌግራም ፎቶ ለማየት ፈቃድ ሲጠይቅ «የመረጥኳቸውን ብቻ» ብሎ የነካ ሰው አዲስ ያነሣውን ማያያዝ አይችልም፤ ከስልኩ ሴቲንግ ገብቶ ሁሉንም መፍቀድ ነው።

አሁን ለቅሶ ሲኖር አስቀድሜ ስሙን፣ ቦታውንና ሰዓቱን በጽሑፍ እለጥፋለሁ፤ ፎቶው ከኋላ ይመጣል። ከዚያ ያዩትን ዝርዝር አይቼ ላላዩት እደውላለሁ። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን አርፈው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለጠፍኩ። ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ ያኔ ቀብሩ ያመለጣቸው ጋሼ ደወሉ።

«ልጄ፣ ደርሶኛል። ፎቶውንም ከፍቼዋለሁ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ግን ይሄን ፎቶ ማን መረጠለት? እሱ እኮ ከዚህ የተሻለ ነበረው።»